አንዱን ውሃ ሁለት ጊዜ ማሠራት፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ መስኖና የዓሣ ኩሬ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰበታ በኩል ትንሽ መሬት አለችኝ። ጎመን፣ ቆስጣና ሽንኩርት አለባት። ከአትክልቱ ከፍ ብላ ደግሞ 100 ካሬ ሜትር የምትሆን የዓሣ ኩሬ አለች። ሰሞኑን ከሆለታም ከዱከምም «ኩሬ ላስቆፍር ነበር፣ ምን ትመክረኛለህ?» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። እኔ ወሬውን የምጀምረው ከውሃው ነው። እዚህ አካባቢ በበጋ ውሃ ወይ በቦቴ ይገዛል፣ ወይ ከጉድጓድ በሞተር ይሳባል። ሁለቱም ኪስ ይጎዳሉ። ስለዚህ የገባች ውሃ መጀመሪያ ዓሣ፣ ቀጥሎ አትክልት ሳታሳድግ መውጣት የለባትም።

አፈሩን ሳያዩ መቆፈር

ብዙ ሰው ቦታ ስላለው ብቻ ይቆፍራል። ከዚያ ውሃው በሳምንት ይሰምጣል። መጀመሪያ አፈሩን አርጥባችሁ በእጃችሁ ድብልብል አድርጉት፣ ወደ ላይ ወርውራችሁ ቅለቡት። ከተበተነ አሸዋ ይበዛዋል። ከዚያ እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጠዋት ውሃ ሙሉት። ማታ የጎደለውን ጨምራችሁ በቅጠል ሸፍኑት። በማግስቱ ጠዋት አብዛኛው ውሃ ካለ ቦታው ይሆናል። መረሬ መሬት ውሃ በደንብ ይይዛል፣ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ኩሬውን ባዶውን ፀሐይ ላይ አትተዉት።

ኩሬው ቀድሞ ተቆፍሮ ከሆነም የሚጠፋውን መለየት ይቻላል። በውሃ የተሞላ ባልዲ ኩሬው ዳር ውሃው ውስጥ አቁሙና ሁለቱንም ምልክት አድርጉ። ባልዲው በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢጎድል ያ ትነት ነው። ኩሬው 20 ሚሊ ሜትር ከጎደለ ግን 15ቱ መሬት ውስጥ እየገባ ነው። በ100 ካሬ ሜትር ኩሬ ይህ በቀን 1,500 ሊትር፣ ማለትም 75 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። በየቀኑ! የሸክላ አፈር በስስ በስሱ እያረጠቡ መጠቅጠቅ ወይም ጂኦመምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) ማንጠፍ ውድ ቢመስልም ከዚህ ይሻላል።

የኩሬውን ውሃ መድፋት

በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ሰውየው የቆሸሸ ነው ብሎ የኩሬውን ውሃ ወደ ቦይ ይለቃል። አጠገቡ ላለው ጎመን ደግሞ ንጹሕ ውሃ በሞተር ይስባል፣ ማዳበሪያም ይገዛል። ዓሣ ከበላው ምግብ ውስጥ ብዙው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ዓሣውን የሚጎዳው አሞኒያ አፈር ውስጥ ሲገባ ለጎመኑ ምግብ ይሆናል።

ከእኔ ኩሬ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ባደርግ 20,000 ሊትር አገኛለሁ። አትክልቱ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢፈልግ፣ ይህ ለ400 ካሬ ሜትር መደብ የ10 ቀን ውሃ ነው። ውሃውን ከታች ሳቡ። ኦክስጅን የሌለውና ዝቃጭ የበዛበት ታች ያለው ነው። መደቡ ከኩሬው ዝቅ ካለ ጎማ ብቻ ይበቃል፣ ሞተር አያስፈልግም። ለጠብታ መስኖ ከሆነ ግን ያለ ማጣሪያ እንዳትሞክሩት፣ ቀዳዳዎቹ ወዲያው ይደፈናሉ። በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ ደግሞ ከሥሩ እንጂ ከላይ አታፍስሱ።

ዓሣ ሸጦ ኩሬ ማጽዳትም ጊዜ አለው። ዓሣ በደንብ የሚፈለገው በዐቢይ ጾም ነው። ያኔ በጋው ጠንክሯል፣ አትክልቱም ውሃ ይጠማዋል። ኩሬው በዚያን ሰሞን ቢራገፍ ውሃው በትክክለኛው ሰዓት መደቡ ላይ ይደርሳል።

ዓሣው አፉን ሲከፍት ምግብ መጨመር

ይህን እኔው ሠርቼዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ጎሕ ሲቀድ ዓሣዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። አንዲት ጎረቤቴ እናት አይታ «ልጄ፣ ርቧቸው እንዳይሆን» አለችኝ። እውነት መስሎኝ ፉሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ብዙዎቹ ሞተው ተንሳፈፉ። የቀሩትን ለማትረፍ ግማሹን ኩሬ በቦቴ ውሃ ቀየርኩ።

ያጡት አየር ነበር። የተረፈ ምግብ ታች ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል። አረንጓዴው አልጌም ሌሊት ሌሊት እንደዚያው። ስለዚህ ሊነጋጋ ሲል ውሃው በጣም ይታፈናል። እዚህ ደጋው ላይ አየሩም ስስ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን እኩል ሙቀት ካለው የቆላ ውሃ ያነሰ ነው። እጃችሁን ወደ ኩሬው አስገቡ። ውሃው ክርናችሁ ጋ ሳይደርስ መዳፋችሁ ከተሰወረባችሁ ምግብም ፍግም አቁሙ።

ሰበታን እንደ ዝዋይ ማሰብ

ቆሮሶ (ቲላፒያ) ደህና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ነው። በእኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ መብላት ይቀንሳል። ዕድገቱ ሲዘገይ አንድ ኪሎ ዓሣ ለማግኘት ውሃውን ብዙ ወር መያዝ ይኖርባችኋል። ከላይ ፕላስቲክ ቤት መሥራት ሙቀቱን ያቆያል፣ ትነትንም ይቀንሳል። ካርፕ የሚባለው ዓሣ ብርዱን የተሻለ ይችላል። የዓሣ ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት እዚሁ ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቁ።

በልማድ ማጠጣት

«ዛሬ ተራዬ ነው» ብሎ እኩለ ቀን ላይ መደብ ማጥለቅለቅ ውሃውን ለፀሐይ መስጠት ነው። አፈሩን አንድ ጋት ቆፍራችሁ በእጃችሁ ጨብጡ። ከተጣበቀ ቆዩ። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ አጠጡ፣ መደቡንም በደረቅ ሣር ጎዝጉዙ።

መርጫውን ኩሬ ዳር ማጠብ

እንደ ላምዳ-ሳይሃሎትሪን ያሉ የተባይ መድኃኒቶች በትንሹ እንኳ ዓሣ ይጨርሳሉ። ከአትክልቱ የሚመጣ ጎርፍ ኩሬ እንዳይገባ ዳሩን በአፈር ከፍ አድርጉ። የአቃቂን ወንዝ ውሃም ለኩሬ አትጥለፉ። የከተማ ፍሳሽና እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አሉበት። ለቅጠላ ቅጠልም አይሆንም።

የጣሪያን ውሃ መልቀቅ

እዚህ አካባቢ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፣ አብዛኛውም በክረምት። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ካላችሁ፣ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ እንኳ 50,000 ሊትር ገደማ ይሰበሰባል። የእኔን ኩሬ ግማሽ ይሞላል። አሸንዳውን በግንቦት ጠግኑ፣ የመጀመሪያውን ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲያልፍ ልቀቁት፣ ከዚያ ቧንቧውን ወደ ሮቶው ወይም ወደ ኩሬው አዙሩ።