አሜሪካ ቶርኔዶ ሲነሳ ከአዲስ አበባ ሆኖ ዘመድን መርዳት

በ2003 ዓ.ም. የፋሲካ ሳምንት፣ ረቡዕ ሚያዝያ 19 ቀን (እ.ኤ.አ. አፕሪል 27፣ 2011)፣ አላባማን፣ ሚሲሲፒን፣ ቴነሲን፣ ጆርጂያንና ቨርጂኒያን በአንድ ቀን ከ200 በላይ ቶርኔዶዎች፣ እየተሽከረከሩ መሬት የሚነኩ ኃይለኛ አውሎ ነፋሶች፣ መቷቸው። ከ300 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኛው አላባማ ውስጥ ነው። ማለዳ ላይ ያለፈው የመጀመሪያው ወጀብ በሰሜን አላባማ ብዙ ቦታ መብራት ቆርጦ፣ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ማሰራጫዎችንም ከሥራ ውጭ አድርጎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዋናዎቹ ሲመጡ ማስጠንቀቂያው በጊዜው ወጥቷል፤ መብራት የሌለው ቤት ግን ሳይሰማው ቀረ።

ማስጠንቀቂያ በአንድ መንገድ ብቻ መጠበቅ የሌለበት ለዚህ ነው። ሦስት መንገድ ይኑር፦ የእጅ ስልክ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ እና ሰው። ሰው ያልነው እናንተን ነው። ዳላስና ናሽቪል ሲተኙ ፒያሳና ካዛንቺስ ሥራ ላይ ናቸው። የቀን ቶርኔዶ ሰው እያየው ይሸሻል፤ የሌሊቱ ግን በእንቅልፍ ላይ ስለሚደርስ ይበልጥ ገዳይ ነው። በዚያ ሰዓት የነቃ ዘመድ ትልቅ ነገር ነው፤ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ማለት ነው።

አድራሻና ሰዓት

መጀመሪያ የዘመዳችሁን ሙሉ አድራሻ በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ስልክ ውስጥ ብቻ ካለ መብራት ሲጠፋ ወይም ባትሪ ሲያልቅ አይገኝም። የመንገድ ስምና ቁጥር፣ የአፓርታማ ቁጥር፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ዚፕ ኮድ (የፖስታ መለያ ቁጥር)፣ እና ካውንቲ (ከስቴቱ በታች ያለ የአስተዳደር ክፍል)። ካውንቲውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ቴሌቪዥንም ሬዲዮም ማስጠንቀቂያውን የሚያነቡት ግን በካውንቲ ስም ነው። «ልጄ ዳላስ ነው» የሚል አባት ልጁ ጋርላንድ ወይም ፕላኖ ሊኖር ይችላል፤ ፕላኖ ደግሞ በአብዛኛው ኮሊን ካውንቲ ነው። የሥራ ቦታውንም አድራሻ አክሉ፤ ሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ቶርኔዶው የሚያገኘው እዚያ ነውና።

ሰዓቱን ማስላት ከሚመስለው ይቀላል። ናሽቪል፣ ዳላስ፣ በርሚንግሃም፣ ሴንት ሉዊስ ሴንትራል በሚባለው ሰዓት ይተዳደራሉ፤ አትላንታና ኦሃዮ ኢስተርን በሚባለው። ከማርች ሁለተኛ እሁድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ፣ በሴንትራሉ ቁጥር ላይ 2 ስትደምሩ የሀበሻው ሰዓት ይመጣል። እዚያ ከሰዓት በኋላ 4 ከሆነ እዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ እዚያ ሌሊት 2 ከሆነ እዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። ለኢስተርን 1 ብቻ ደምሩ። በቀሩት ወራት ለሴንትራል 3፣ ለኢስተርን 2 ይደመራል። ድምሩ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱለት። ዘመዳችሁ «ማታ 9 ሰዓት» ሲላችሁ በፈረንጅ ይሁን በሀበሻ መጠየቅ አትርሱ፤ ብዙ ስህተት የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቶርኔዶ በብዛት የሚነሳው ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ነው፤ እናንተ የምትተኙበት ሰዓት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ግን የእናንተ ጠዋት ነው። የካቲት 24 ቀን 2012፣ በአድዋ በዓል ማግስት፣ ናሽቪል ስትመታ እዚያ ከእኩለ ሌሊት ግማሽ ሰዓት አልፎ ነበር። እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ያው ወጀብ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ፑትናም ካውንቲ ውስጥ 19 ሰው ገደለ።

ዎች እና ዋርኒንግ

ዘመዳችሁ እነዚህን ሁለት ቃላት በስልኩ ያያል፤ እናንተም ለዩአቸው። «ቶርኔዶ ዎች» ማለት አየሩ ቶርኔዶ ሊያመጣ የሚችል ነው፣ ተዘጋጁ ማለት ነው። ኦክላሆማ ኖርማን ከተማ ካለው የወጀብ ትንበያ ማዕከል ይወጣል፤ ብዙ ካውንቲ ይሸፍናል፤ ለሰዓታት ይቆያል። «ቶርኔዶ ዋርኒንግ» ደግሞ በራዳር ወይም በዓይን ታይቷል፣ አሁኑኑ ተጠለሉ ነው። ጠበብ ያለ ቦታ ላይ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ይቆያል። ማስጠንቀቂያው ወጥቶ ቶርኔዶው እስኪደርስ ያለው ጊዜ በአማካይ 10 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ አንዳንዴ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ «የት ልግባ» የሚለው ጥያቄ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።

የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ድረ ገጽ፣ ዌዘር ዶት ገቭ፣ ከአዲስ አበባም ይከፈታል። ዚፕ ኮዱን አስገቡ፤ ዎች ወይም ዋርኒንግ ካለ በገጹ አናት ላይ በቀለም ይታያል። የፌስቡክና የቲክቶክ ቪዲዮ ላይ አትደገፉ፤ የድሮ ቶርኔዶ ቪዲዮ እንደ አዲስ ሆኖ ይዞራል።

መቼ መደወል፣ መቼ አለመደወል

ዎች ሲወጣ ደውሉ። ያኔ ጊዜ አለ። ስልኩን ቻርጅ እንዲያደርግ፣ ጫማ አልጋው ሥር እንዲያስቀምጥ፣ የሚገባበትን ክፍል እንዲያዘጋጅ ንገሩት።

ዋርኒንግ ወጥቶ ዘመዳችሁ ነቅቶ ከሆነ አትደውሉ። እየሸሸ ያለን ሰው ስልክ ማንሳት ያቆመዋል፤ መስመሩም ይጨናነቃል። አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ «ዋርኒንግ አለ፣ ታች ግባ» ብቻ፣ ይበቃል። ጽሑፍ መስመሩ ለድምፅ ባይመችም ብዙ ጊዜ ያልፋል። ቤተሰቡ ትልቅ ከሆነ አንድ ሰው ብቻ ይላክ፤ ዘጠኝ ዘመድ ሲደውል ባትሪው ያልቃል።

ዋርኒንጉ የወጣው እዚያ ሌሊት ከሆነና መልስ ከሌለ ግን ደውሉ፤ እስኪነቃ ድረስ። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ሳይሆን በቀጥታ 001 ብላችሁ በስልክ ቁጥሩ። ለዚህ የሚሆን ሂሳብ ስልካችሁ ላይ ሁልጊዜ ይኑር። «አትረብሹኝ» የሚለውን ያበራ ስልክ አይጠራም፤ ስለዚህ ቁጥራችሁ በዚያ ሁኔታ እንዲያልፍ አስቀድሞ ያስተካክል። አይፎን ላይ የተደጋጋሚ ጥሪ ፈቃድ ከበራ በ3 ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ የተደወለ ጥሪ ያልፋል።

የት ይገባል

ደንቡ አጭር ነው፦ ዝቅተኛው ፎቅ፣ የቤቱ መሀል፣ መስኮት የሌለው ክፍል። ከመሬት በታች የተሠራ ክፍል (ቤዝመንት) ካለ እሱ። ከሌለ መታጠቢያ ቤት፣ የልብስ ቁም ሣጥን ክፍል፣ የመሀል ኮሪደር። ብዙ ሰው የሚሞተው በሚበር ነገር ስለሚመታ ጭንቅላትን መሸፈን የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ የብስክሌት ሄልሜት ይጠቅማል፤ ፍራሽም ከላይ ይደረብ። መስኮት መክፈት ቤቱን ያድናል የሚለው የድሮ እምነት ስህተት ነው፤ ጊዜ ያባክናል፤ ነፋሱንም ያስገባል።

አዲስ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚከራየው። ከምድር ቤት ተከራይ ጋር ቀድሞ ይነጋገር፤ ሌሊት በር ማንኳኳት እንዳያፍር። ፋብሪካ ተሠርቶ ተጎትቶ የሚቆም ቤት፣ ሞባይል ሆም የሚሉት፣ መጠለያ አይደለም፤ ቢታሰርም ይገለበጣል። እዚያ የሚኖር ሰው ዎች ሲወጣ ወደ ጠንካራ ሕንፃ ይሂድ፤ ዋርኒንግ አይጠብቅ።

የሥራው ነገር ሰፊ ነው፤ ወገኖቻችን የሚበዙባቸው ሥራዎች የተጋለጡ ናቸውና። መጋዘን ውስጥ ሰፊው ጣሪያና ረጅሙ ግድግዳ ይወድቃል፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2021 ኢሊኖይ ኤድዋርድስቪል በአንድ መጋዘን 6 ሠራተኞች የሞቱት እንዲህ ነው። መጠለያ ተብሎ የተለየውን ክፍል በመጀመሪያው የሥራ ቀን ያሳዩት ዘንድ ይጠይቅ። ነዳጅ ማደያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሌላ ካጣ ወደ መጠጥ ማቀዝቀዣው ክፍል ይግባ፤ ግድግዳው ወፍራም ነው። ታክሲና ጭነት የሚነዳ ሰው ድልድይ ሥር አይቁም፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 3፣ 1999 ኦክላሆማ ውስጥ ድልድይ ሥር የተጠለሉ ሰዎች ሞተዋል፤ ነፋሱ እዚያ ይፈጥናል፣ ፍርስራሹም ይወረወራል። በአቅራቢያው ወዳለ ሕንፃ ይንዳ። ካልቻለ ቀበቶውን አስሮ፣ ከመስኮት በታች ጎንበስ ብሎ፣ ጭንቅላቱን ይሸፍን፤ ወይም ከመንገዱ በጣም ዝቅ ያለ ቦታ ካየ እዚያ ወርዶ ይተኛ።

ከዚህ ይዞ ለሚሄድ

ወደዚያ ለመኖር የሚሄድ ሰው ፊሽካ ይግዛ፤ ስታዲየም አካባቢ የስፖርት ዕቃ ቤቶች አሉ። ፍርስራሽ ሥር የቀረ ሰው ጉሮሮው ሲዘጋ በፊሽካ ይጣራል። ጭንቅላት ላይ የሚታሰር ባትሪና ፓወር ባንክ መርካቶም ፒያሳም ይገኛል። ሬዲዮ ግን ከዚህ አይገዛ። የእኛ ኤፍኤም ሬዲዮ ከ108 ሜጋኸርዝ በላይ አይሄድም፤ የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ ነው የሚያስተላልፈው። እዚያ ሲደርስ የካውንቲውን ኮድ የሚቀበል፣ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ በራሱ የሚጮህና በባትሪም የሚሠራ ይግዛ። ስልኩ ከዚህ የተገዛ ከሆነ ሲም ካርዱን እንደቀየረ የመንግሥት ማስጠንቀቂያ የሚለውን ቅንብር ከፍቶ ይይ፤ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። የከተማው ሳይረን ደጅ ላለ ሰው የተሠራ ነው፤ ቤት ውስጥ የተኛ ላይሰማው ይችላል።

ካለፈ በኋላ

ወዲያው መልስ ካልመጣ መስመሩ ወድቆ ይሆናል። አንድ መልእክት ልካችሁ ጠብቁ፤ ከዚያ እዚያው ከተማ ያለ ሌላ ሰው ጠይቁ። የሁለት ጎረቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ቁጥር ከአድራሻው ወረቀት ጋር መኖር ያለበት ለዚህ ነው። ስታገኙት ጋዝ ይሸተው እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሸተተው ማብሪያ ሳይነካ ይውጣ። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ሳያደርግ አይራመድ፤ ሚስማርና መስታወት በየቦታው ነው። መብራት ሲጠፋ ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል የለመደ ሰው እዚያም ይሞክራል፤ ጄኔሬተርም ጋራዥ ውስጥ ያስነሳል። ሁለቱም ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላሉ። ጄኔሬተር ከቤት ርቆ ደጅ ላይ ብቻ ይነሳ፤ ከሰልም ደጅ ይቀጣጠል።