የአይሱዙ መሪ ሲከብድ ወይም ሲላላ

ከአጋሮና ከሊሙ ቡና ጭኖ ጅማ የሚገባ መኪና መሪው ከከበደ፣ የመሪ ዘይት የሚገፋውን ፓምፕ ከመፍታት በፊት የፊት ጎማዎችን ንፋስ ይለኩ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ቀጥሎ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ)፦ መሪ ሲጠመዘዝ የሚጮህ ከሆነ ላልቷል ወይም አርጅቷል። (ፓምፑ በጥርስ የሚዞር ከሆነ ይህን ይለፉት።)

በገንቦው (በመሪ ዘይት መያዣው) ውስጥ ዘይቱ ከጎደለ ክዳኑ ወይም መመሪያው ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ይጨምሩ። የፍሬን ዘይት ፈጽሞ አይገባም፤ ጎሚኒዎቹን (የላስቲክ ማሸጊያዎቹን) ያሳብጣቸዋል። አረፋ የያዘ ዘይት አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ለማስወጣት፦ ፊቱን በክሪክ አንስተው በካቫሌቶ (በብረት መቆሚያ) ያስደግፉ፤ ሞተር ሳይነሳ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ከ10 እስከ 15 ጊዜ በቀስታ ያዙሩ፤ የወረደውን እየሞሉ። ከዚያ ሞተር አስነስተው አረፋው እስኪጠፋ ይድገሙት። ጥግ ላይ ከ5 ሰከንድ በላይ ይዞ መቆየት ፓምፑን ያቃጥላል። አረፋው ከተመለሰ ከገንቦው ወደ ፓምፕ የሚሄደውን ቱቦና ማሰሪያውን ይፈትሹ፤ ዘይት ሳያፈስም አየር ይስባል።

መሪው ሲላላ ግን ዘይት መጨመር ከንቱ ነው። አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ያነቃንቅ፣ ሌላው ከታች የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያዎች በእጁ ይዞ ይከታተል፤ የሚንቋቋው ይቀየራል። የመሪ ሳጥኑን ማስተካከያ ቡሎን ማጥበቅ የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ ከልክ ካለፈ መሪው ከኩርባ በኋላ አይመለስም።

የግቤን ቁልቁለት ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ መውረድማ አይታሰብ፤ ፓምፑ ሲቆም መሪው ድንጋይ ይሆናል።