የማመጣጠኛው እግር ክሪክ አይደለም

ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ ቤት የሆነ መኪና፣ የገዛሁ ሰሞን ነው። መኪናው ከሥሩ አራት የሃይድሮሊክ እግሮች አሉት። ቁልፉን ሲጫኑት ያን ሁሉ ቶን ቀጥ አድርገው ይሸከማሉ። አንድ ቀን የኋላ ጎማ ተነፈሰብኝ። እነዚህ እያሉ ምን ክሪክ ፍለጋ ያስኬደኛል ብዬ የኋላዎቹን እግሮች ለቀቅኳቸው። ጎማዎቹ መሬት ሲለቁ መኪናው ወደ ፊት ሸርተት አለ። አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ልጄ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «አባዬ፣ እየሄድን ነው እንዴ?» አለችኝ። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ማኑዋሉን ያነበብኩት ያኔ ነው። በደማቅ ፊደል ተጽፏል፦ እግሮቹ ለማመጣጠን እንጂ ጎማ ለመቀየር አይደሉም።

የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪኖች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። እነሱ ከተንጠለጠሉ ፍሬን የላችሁም። ማርሹን «ፒ» ላይ ማድረግም ብቻውን አያስተማምንም። ሞተሩ ከሚያሽከረክራቸው ጎማዎች አንዱ ከተነሳ፣ በዲፈረንሻሉ (የግራና የቀኝ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ክፍል) ምክንያት መሬት ላይ የቀረው ሊንከባለል ይችላል። እግሮቹ ደግሞ ከላይ የሚመጣ ክብደት ይችላሉ፤ የጎን ግፊት ግን ያጣምማቸዋል።

ለማመጣጠን ስትጠቀሙባቸው መጀመሪያ መሬቱን እዩ። ፀሐይ ያለሰለሰው አስፋልት እንኳ ከሥራቸው ይሰምጣል። እኔ ከእግሩ መርገጫ ሰፋ ያሉ ወፍራም ጣውላዎች ይዤ እዞራለሁ። መሬቱ በጣም ካዘቀዘቀ በእግሮቹ አትታገሉ፤ ዝቅ ያሉትን ጎማዎች ጣውላ ላይ ነድታችሁ አውጧቸው፣ ቀሪውን ትንሽ ነገር ለእግሮቹ ተዉላቸው። የኋላዎቹን ሁለቱን አንድ ላይ አንቀሳቅሱ፤ አንዱ ብቻ ሲገፋ ሻንሲው፣ የመኪናው የብረት አጽም፣ ይጠመዘዛል። ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አስቀምጡ። መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ። እግሩን ሳይሰበስብ መንዳት የሚጀምር ሰው ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው፤ እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ወደ ጎማው እንምጣ። ከመንገድ ራቅ በሉ፣ ሁሉም ሰው ከመኪናው ይውረድ። የእጅ ፍሬን ያዙ። ከዚያ የማይነሱትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉባቸው። እስኮርታው ከመኪናው ሥር የተንጠለጠለ ከሆነ ክሪክ ከማስገባታችሁ በፊት አውጡት። ክሪክ ላይ ከቆመ መኪና ሥር፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ እጅም ራስም አይገባም።

ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ግማሽ ዙር ያህል አላሏቸው። አልንቀሳቀስ ካሉ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክታችሁ አስረዝሙት። ቱቦው ግን ለመፍታት ብቻ ነው።

የክሪኩ አቅም ከአክስሉ (ጎማዎቹን ከሚይዘው ዘንግ) ጭነት በላይ መሆን አለበት፤ ጭነቱ መኪናው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፏል። ክሪኩን ማኑዋሉ በሚያሳየው ቦታ ብቻ አስገቡ። የመኖሪያው ክፍል ወለል ይታጠፋል እንጂ ክብደት አይችልም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጎማ ሲተነፍስ አክስሉ ዝቅ ስለሚል ክሪኩ ላይገባ ይችላል። ደህና ቀን መርጣችሁ ቤት ሞክሩት። የእኔ አልገባም፤ አጠር ያለ መግዛት ነበረብኝ።

ጎማው ከመሬት ጥቂት ከለቀቀ ይበቃል። አዲሱን ስታስገቡ ዳዶዎቹን በእጅ ጀምሩ፤ ዘይት አትቀቡ። አንዱን አጥብቃችሁ ወደ ትይዩው ዝለሉ፣ በኮከብ ቅርጽ። ካወረዳችሁ በኋላ ማኑዋሉ በሚለው ልክ በቶርክ ቁልፍ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ፣ ጨርሱ።

እስኮርታው ራሱ ደህና ነው? አዲስ መምሰሉ አያታላችሁ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ጋር አራት አሃዞች አሉ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፣ አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነው። ጎማ ባይነዳበትም ያረጃል። ነፋሱንም ለኩ፤ ተንጠልጥሎ የሚረሳ ጎማ ቀስ በቀስ ይተነፍሳል።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቆማችሁ ዳዶዎቹን እንደገና በቶርክ ቁልፍ ፈትሹ። እኔ ባለፈው ስፈትሽ ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ገቡልኝ።