በብስክሌት ልብስ ላይ የደረቀ የጎማ ማሸጊያ ፈሳሽ አለቃቀቅ

ቱብለስ በሚባሉት የውስጥ ጎማ የሌላቸው የብስክሌት ጎማዎች ውስጥ ነጭ ማሸጊያ ፈሳሽ ይጨመራል፤ መጠኑ ለመንገድ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ሲሆን ለተራራ ብስክሌት እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። እሾህ ወይም ምስማር ጎማውን ሲወጋው ይህ ፈሳሽ ወደ ቀዳዳው ሮጦ ይደፍነዋል፤ ቀዳዳው እስኪደፈን ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ግን ከሚሽከረከረው ጎማ ላይ እየተረጨ የብስክሌተኛውን ማልያና ቁምጣ ከታች እስከ ላይ ያዥጎረጉረዋል። ጎማው ይድናል፣ ጉዞውም ይቀጥላል፤ ቤት ሲደረስ ግን ፈሳሹ በልብሱ ላይ ደርቆ እንደ ሁለተኛ ቆዳ ተጣብቆ ይገኛል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ልብሱን ሞቅ ባለ ውሃና በኦሞ ይዘፈዝፈዋል፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አብዛኞቹ ማሸጊያዎች የሚሠሩት ከላቴክስ ነው። ላቴክስ በውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ እጅግ ደቃቅ የጎማ ቅንጣቶች ስብስብ ሲሆን፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ አሞኒያ ይጨመርበታል፤ ጠርሙሱ ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታም የዚሁ የአሞኒያ ነው። ውሃውና አሞኒያው ሲተኑ ቅንጣቶቹ ተያይዘው አንድ ወጥ የጎማ ስስ ሽፋን ይሆናሉ፤ ይህ ሽፋን አንዴ ከተፈጠረ ደግሞ በውሃም ሆነ በሳሙና ተመልሶ አይሟሟም። የቅንጭብ አጥር ሲመለምል ወይም ቁልቋል ሲቆርጥ ወተቱ ልብሱ ላይ የፈሰሰበት ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ስለዚህ የደረቀ ማሸጊያ ታጥቦ የሚጠፋ እድፍ ሳይሆን ተላቆ የሚነሳ ጎማ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች የተገለጸው ሥራ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የፈሳሹን ዓይነት ይለዩ። በግላይኮልና በቃጫ የሚሠሩ፣ ላቴክስ የሌለባቸው ማሸጊያዎችም አሉ፤ ስላይም በሚል ስም የሚሸጠው አረንጓዴ ፈሳሽ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን እርሱ በውሃና በሳሙና ይለቃል። ፈሳሹ ላቴክስ ሆኖ ገና እርጥብ ከሆነም ሥራው ቀላል ነው፤ በያዙት የመጠጥ ውሃም ቢሆን ወዲያውኑ ከጨርቁ የውስጥ ገጽ ወደ ውጭ እያፈሰሱ ያለቅልቁት። መንገድ ዳር ቆሞ በመሐረብ ማሸት ግን ፈሳሹን ወደ ክሮቹ ውስጥ ስለሚያስገባው ከመተው ይብሳል።

ለደረቀው ግን የመጀመሪያው መሣሪያ ጣት ነው። ልብሱን ሳያረጥቡ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉት፤ ነጠብጣቡ ያለበትን ቦታ በሁለት እጅ ይዘው መጀመሪያ በርዝመቱ፣ ቀጥሎም በጎኑ ቀስ አድርገው ይሳቡት። የማልያና የቁምጣ ጨርቅ ላይክራ ስላለበት ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም የጎማው ሽፋን ጠርዝ ከክሮቹ መላቀቅ ይጀምራል። የተነሳውን ጠርዝ በጥፍር ወይም በማንኪያ ጫፍ ይዘው ከጨርቁ ጋር በተቀራረበ አቅጣጫ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ እያጠፉ ይላጡት። ወፍራሙ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ምላጭም ሆነ የቢላዋ ስለት መጠቀም አይገባም፤ አንድ የላይክራ ክር ከተቆረጠ ቀዳዳው በየታጠበ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል።

ስሱ ሽፋን ግን ጥፍር አይዘውም፤ ለእርሱ እሾህን በእሾህ ማውጣት ይሻላል። ከማሸጊያው ጠርሙስ አንድ ማንኪያ ያህል በላስቲክ ላይ አፍስሰው እስኪደርቅ ይተዉት፤ ከዚያም ጠቅልለው የለውዝ ፍሬ የሚያህል ኳስ ያድርጉት። ተፈጥሯዊ ጎማ ከራሱ ጋር የመጣበቅ ባሕርይ ስላለው፣ ይህን ኳስ በነጠብጣቡ ላይ እንደ ላጲስ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያሹት ስሱን ሽፋን እየጠቀለለ ያነሳዋል። አዲስ ማሸጊያ ማባከን የማይፈልግ ሰው ከአሮጌ ጎማ ውስጥ የሚወጣውን የደረቀ ቅሪት መጠቀም ይችላል። እኔ ከማናቸውም ኬሚካል በፊት ይህን እሞክራለሁ፤ ጨርቁን የሚጎዳበት መንገድ የለምና።

ልብሱን ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት የሚመክሩ አሉ። ማስቲካን የሚያደርቀው ብርድ ላቴክስንም የሚያደርቀው መስሏቸው ነው። ተፈጥሯዊ ጎማ እንደ መስታወት ተሰባሪ የሚሆነው ከዜሮ በታች ወደ 70 ዲግሪ ሲደርስ በመሆኑ፣ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚሠራ የቤት ፍሪዘር ትንሽ ያጠነክረው እንደሆነ እንጂ እንዲሰባበር አያደርገውም። ጉዳት ስለሌለው ወፍራም ቁራጭ ላይ መሞከር ይቻላል፤ ብዙ መጠበቅ ግን አይገባም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው በሽመናው ውስጥ የገባው ነው፤ ለዚህም ጎማውን የሚያሳብጥ ነገር ያስፈልጋል። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ፊኛ ላይ ሲረጭ ፊኛው የሚፈነዳው በዘይቱ ውስጥ ያለው ሊሞኒን ጎማውን ስለሚያሳብጠውና ስለሚያላላው ነው፤ ይኸው ባሕርይ እዚህም ይጠቅማል። ከብርቱካን ዘይት የተሠሩ የሙጫ ማስለቀቂያዎች በሚሸጡበት አገር ያለ ሰው እነርሱን መጠቀም ይችላል፤ የሌለው ደግሞ ትኩስ የብርቱካን ልጣጭ እያጠፈ ዘይቱን በነጠብጣቡ ላይ ይጭመቅበት። በመጀመሪያ ግን በማይታይ የስፌት ውስጥ አንድ ጠብታ አድርገው ቀለሙ አለመልቀቁን ያረጋግጡ። ቀጥሎ ነጠብጣቡን ወደ ታች ገልብጠው ከሥሩ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ዘይቱን ከጀርባ በኩል በትንሽ በትንሹ ያስነኩት፤ አምስት ደቂቃ ያህል ከጠበቁ በኋላም ገልብጠው ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከዳር ወደ መሐል ይጠቀሙ። ያበጠው ጎማ ፍርፋሪ ሆኖ ይወጣል። የፋርማሲ አልኮል ላቴክስን አያሟሟም፤ ሆኖም ሽፋኑ ከክሩ ጋር ያለውን ትስስር ስለሚያላላ ዘይቱ ባልተገኘበት ቦታ ይረዳል።

ነጭ ጋዝም ጎማን ያሳብጣል፤ ነገር ግን ሽታው ከስፖርት ልብስ በቀላሉ አይወጣም፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ቤንዚን ግን ጨርሶ መታሰብ የለበትም። የትኛውንም ማስለቀቂያ ሲጠቀሙ መስኮት ይክፈቱ፣ ከምድጃና ከሻማ ይራቁ፣ ማስለቀቂያ የነካውን ልብስ በእጅ በሚገባ ሳያጥቡት ወደ ማድረቂያ ማሽን አያስገቡ። የላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው ፍርፋሪውን በባዶ እጁ እንዳይነካ፣ ጓንቱም ከላቴክስ የተሠራ እንዳይሆን ይጠንቀቅ።

በልብሱ ላይ ማስለቀቂያ ሊነካቸው የማይገቡ ቦታዎች አሉ። በሙቀት የተለጠፉ ጽሑፎችና አንጸባራቂ መስመሮች ይላጣሉ፤ ጭን ላይ የሚይዘው የሲሊኮን መስመር ደግሞ እንደ ላቴክሱ ራሱ ያብጣል። የቁምጣው መቀመጫ ስፖንጅም ማስለቀቂያውን ይዞ አይለቅም፣ ቆይቶም ቆዳ ያቆስላል። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ከጣትና ከጎማው ኳስ ማለፍ አይገባም።

ጎማው ከተነሳ በኋላ የቀረውን ቅባት በላርጎ ወይም በሌላ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በእጅ ያስለቅቁ፤ ከዚያ ልብሱን ገልብጠው ከሌላ ልብስ ለይተው በ30 ዲግሪ ይጠቡት፤ ያልተነሳ ፍርፋሪ ወደ ሌላው ልብስ ሊዛመት ይችላልና። በረኪና አይጨምሩ፤ ላይክራን እየበላ ያዳክመዋል፣ ነጩንም ማልያ ቢጫ ያደርገዋል። በተለይ ገና እርጥብ ማሸጊያ ባለበት ልብስ ላይ በረኪና ማፍሰስ ከአሞኒያው ጋር ተደምሮ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። በነጭ ማልያ ላይ ቢጫ ጥላ ከቀረ፣ በስፌቱ ውስጥ ከሞከሩ በኋላ 3 በመቶ የሆነ የፋርማሲ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ በጥጥ ማስነካትና ማለቅለቅ ይቻላል።

ልብሱ ከመድረቁ በፊት በመስኮት አጠገብ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት አድርገው ይመልከቱት። የሚያብለጨልጭ ነጥብ ከታየ ጎማው አላለቀም ማለት ነው፤ ሙቀት ላቴክሱን አለስልሶ ይበልጥ ስለሚያጣብቀው፣ ካውያም ሆነ የማድረቂያ ማሽን ሳይነካው በጥላ ያድርቁትና ወደ ጎማው ኳስ ይመለሱ። ሁለት ሦስት ዙር መድገም የተለመደ ነው። የኋላውን ጎማ ፓራፋንጎ ሳይገጥም የሚነዳ ሰው ደግሞ ያንን የደረቀ ኳስ ባይጥለው ይመረጣል፤ በትንሽ ላስቲክ ተጠቅልሎ ከመሣሪያዎቹ ጋር ቢቀመጥ ለሚቀጥለው እሾህ ዝግጁ ይሆናል።