የአሜሪካን ፖሊሲ አወጣጥ የሚያጠኑ የማስተርስ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን የማስተርስ ትምህርት የሚቀርቡ የመጀመሪያ ወረቀቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ሲፈርም ነገሩ ያለቀ ተደርጎ ይጻፋል። ሕጉ ኑሮ ውስጥ የሚገባው ግን በጀት ሲያገኝ፣ ደንብ ሲወጣለትና ስቴቶች ሲሠሩበት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕግ ወጣ ማለት ገንዘብ ተመደበ ማለት ይመስላል

ኮንግረስ ፕሮግራም የሚያቋቁመው በአንድ ሕግ፣ ገንዘቡን የሚመድበው በሌላ ሕግ ነው። ማቋቋሚያው ለምሳሌ «በዓመት እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር» ቢልም፣ በየዓመቱ ከሚጸድቁት 12 የበጀት ሕጎች በአንዱ ካልተካተተ መሥሪያ ቤቱ ሊያወጣው የሚችለው ገንዘብ የለም። የፌዴራሉ በጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። እስከዚያ በጀቱም ሆነ ጊዜያዊ ማራዘሚያው ካልጸደቀ መሥሪያ ቤቶች በከፊል ይዘጋሉ። ሶሻል ሴኩሪቲን (የመንግሥት የጡረታ ክፍያ) የመሰሉ ፕሮግራሞች ግን ክፍያቸው በቋሚ ሕግ የተፈቀደ ስለሆነ ይህን ዓመታዊ ድምፅ አይጠብቁም። እንግዲህ መጀመሪያ የሚጣራው ፕሮግራሙ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ነው።

ደንብ አወጣጥን መዝለል

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ኮንግረስ ብዙውን ዝርዝር ለመሥሪያ ቤቶች ይተዋል። በ1946 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ እንዳሻው እንዳይደነግግ ይይዘዋል። ረቂቁ በፌዴራል ሬጅስተር (የፌዴራሉ መንግሥት ይፋዊ ዕለታዊ ጋዜጣ) ይታተማል፣ ሕዝቡ አስተያየት ይሰጣል (እንደተለመደው ከ30 እስከ 60 ቀን)፣ ከዚያም መሥሪያ ቤቱ ለዋና ዋናዎቹ አስተያየቶች መልስ ሰጥቶ የመጨረሻውን ደንብ ከነምክንያቱ ያወጣል።

ይህ ወረቀት ላይ የቀረ ወግ እንዳልሆነ ዲቪ ያስረዳል። በ2019 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዋናው አመልካች ገና ሎተሪውን ሲሞላ ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት ቁጥር እንዲያስገባ ደነገገ። ጉዳዩ የውጭ ግንኙነት ነው በሚል አስቀድሞ የሕዝብ አስተያየት አልተቀበለም። በ2022 በዋሽንግተን የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ፍርዱ ያረፈው በተዘለለው ሥነ ሥርዓት ላይ ነው፤ ፓስፖርት መጠየቅ በራሱ ተገቢ አይደለም አላለም። እድሉ እንኳ ሳይታወቅ ለፓስፖርት ወጪ ማውጣት ለከበደው አመልካች ይህ የአሠራር ጉዳይ ትልቅ ነገር ነበር። ተማሪ ይህን ልዩነት ካልያዘ «ፍርድ ቤት ፖሊሲውን ተቃወመ» ብሎ ይጽፋል፣ ድምዳሜውም በሙሉ ይበላሻል።

ስለዚህ የጸደቀውን ደንብ ብቻ አያንብቡ። በፌዴራል ሬጅስተር ከደንቡ በፊት የሚታተመውን ማብራሪያ ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ከደንቡ ይረዝማል፣ የመሥሪያ ቤቱ ክርክርም ያለው እዚያ ነው። ቀጥሎ ለመሥሪያ ቤቱ ሥልጣን የሰጠውን የሕግ አንቀጽ ያግኙ። ከ1984 ጀምሮ ፍርድ ቤቶች አሻሚ ሕግ ሲያጋጥማቸው የመሥሪያ ቤቱን ምክንያታዊ ትርጉም ይቀበሉ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2024 ይህን መርሕ ሽሮታል። ከዚያ በፊት የታተመ መማሪያ በዚህ ነጥብ ያሳስታል።

ዋሽንግተንን ብቻ ማየት

በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) በሁሉም ስቴቶች እንዲሰፋ ያዝዝ ነበር። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማስፋቱን ለስቴቶች ምርጫ ተወው። የፌዴራል መንግሥት ለተጨማሪዎቹ ተጠቃሚዎች ከወጪው 90 በመቶውን ቢሸፍንም ቴክሳስና ፍሎሪዳን የመሳሰሉ ስቴቶች አላሰፉትም። በመሆኑም «በአሜሪካ ሜዲኬይድ ይህን ይሸፍናል» የሚል ዓረፍተ ነገር የስቴቱ ስም ካልተጨመረበት ዋጋ የለውም።

ከስቴት በታችም እንዲሁ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አንድ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ከመሥሪያ ቤቱ ተገልጋዮች 3 በመቶ ወይም 500 ሰዎች (ከሁለቱ ያነሰው) ከደረሱ ዋና ዋና ሰነዶች እንዲተረጎሙ ያዛል፤ አማርኛም ከተጠቃሚዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሕጉን መጥቀስ ቀላል ነው። ጥሩ ወረቀት ግን ባለጉዳዩ መስኮቱ ጋ ሲደርስ አስተርጓሚ ያገኝ እንደሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ የተገልጋዮቹን ቋንቋ ይመዘግብ እንደሆነ ይጠይቃል።

ተቀባዩ ሊያደርገው የማይችለውን መምከር

ለከንቲባ የተጻፈ ሜሞ «ኮንግረስ ሕጉን ያሻሽል» ብሎ ካበቃ ከንቲባው የሚሠራበት ነገር የለውም። ሜሞውን በሁለት ገጽ ይወስኑ። ምክረ ሐሳቡን የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ያስቀምጡ፣ ያለውን አሠራር ጨምሮ ሦስት አማራጮችን በአንድ ዓይነት መመዘኛ (ወጪ፣ ውጤት፣ ፍትሐዊነት፣ ተፈጻሚነት) ያወዳድሩ፤ የመረጡት አማራጭ የሚያስከትለውን ጉዳትም አይደብቁ። ሐሳቡ ሴኔት የሚሻ ከሆነ ክርክር ለመዝጋት 60 ድምፅ እንደሚያስፈልግ ያስሉ፤ በበጀት ማስታረቂያ ሥርዓት በቀላል አብላጫ ማለፍ የሚችለው ከወጪ፣ ከገቢና ከዕዳ ጣሪያ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ብቻ ነው።

በፌዴራል ሥራ ላይ ብቻ ማቀድ

በተማሪ ቪዛ ለሚመጡ ይህ ስህተት ውድ ነው። አብዛኛው የፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ሥራ የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል፣ ግሪን ካርድም አይበቃም። የከተማና የስቴት መሥሪያ ቤቶች እንዲሁም በጎ አድራጎት ድርጅቶች የየራሳቸው መስፈርት አላቸው። ከመመዝገብዎ በፊት ትምህርት ክፍሉን ዓለም አቀፍ ተመራቂዎቹ የት እንደተቀጠሩ ይጠይቁ።