ቦዩ ሲሚንቶ ከለበሰ በኋላ የተራውን ሰዓት እንደገና መቁጠር

በመንግሥት በጀት የአፈር ቦይ ሲሚንቶ ሲለብስ፣ መንገድ ላይ ይሰርግ የነበረው ውሃ ማሳ መድረስ ይጀምራል። የውሃ ተራው ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ እንደድሮው ይቀራል፤ ጣጣው የሚመጣውም ከዚህ ነው። 10 ሰዓት ሙሉ ያጠጣ የነበረ ገበሬ ዛሬም 10 ሰዓት ሲያጠጣ የራስጌው ማሳ ውሃ ይተኛበታል፣ ስንዴው ቢጫ ይሆናል፣ ዩሪያውም ከሥሩ በታች ታጥቦ ይሄዳል። የግርጌው ጎረቤት አዲስ ቦይ ይዞ ውሃ ያጣል።

ስለዚህ ርክክቡ እንዳለቀ ውሃውን ለኩ። ማሳችሁ አፍ አጠገብ ቀጥ ያለ 10 ሜትር ቦይ መርጣችሁ ሁለቱን ጫፍ በሲባጎ ምልክት አድርጉ። ሎሚ ከላይኛው ሲባጎ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ልቀቁና በሁለቱ ሲባጎ መካከል የፈጀበትን ሰከንድ ያዙ፤ አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ዳር የነካው አይቆጠርም። ወርዱ 40፣ ጥልቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቦይ ሎሚው 34 ሰከንድ ከፈጀበት፣ 0.4 በ0.1 በ10 አባዝታችሁ ለ34 ስታካፍሉ፣ ከዚያም በ0.85 ስታባዙ 0.01 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 10 ሊትር ታገኛላችሁ። 0.85 የገባው ከላይ ያለው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ነው። ይህን የሚዘነጋ ሰው ሁልጊዜ ከእውነተኛው በላይ ይለካል።

አሁን ሰዓቱን አስሉ። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ሔክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ነው። ስንዴ በበጋው ሙቀት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢጠጣ፣ በ10 ቀን ተራ ለሩብ ሔክታር 125 ሜትር ኩብ ያስፈልገዋል። በትልም ሲጠጣ ከሚገባው ውሃ 60 በመቶው ለሥሩ ይደርሳል ብላችሁ ያዙ፤ መግባት ያለበት 208 ይሆናል። በሰከንድ 10 ሊትር ማለት በሰዓት 36 ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ ተራው 6 ሰዓት እንኳን አይሞላም። ያው ማሳ በአፈር ቦይ በሰከንድ 6 ሊትር ብቻ ሲደርሰው 10 ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር።

ስሌቱን በፌሮ አረጋግጡ። ጫፉ ያልሾለ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ አንድ ሜትር የሚሆን፣ በቀይ አፈር ካጠጣችሁ በማግስቱ፣ በዋልካ ከሁለት ቀን በኋላ ውጉ። እርጥቡ ያሳልፈዋል፣ ደረቁ ያቆመዋል። ለስንዴ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በትልሙ ራስ ሙሉ ሜትሩ ገብቶ በትልሙ ጫፍ ግን 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ከቆመ፣ ሰዓት መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ትልሙ ረዝሟል፣ ለሁለት ክፈሉት።

ቦዩን ቶሎ የሚያበላሸው ግድግዳውን ሰብሮ ውሃ መጥለፍ ነው። በስንጥቁ የገባ ውሃ ከሲሚንቶው ሥር ያለውን አፈር ይቦረቡርና ንጣፉ ይሰምጣል። ባሕር ዛፍም ከቦዩ ዳር አይተከልም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ከአፈር ቦይ ይሰርግ የነበረው ውሃ ሁሉ የባከነ አልነበረም። ከፊሉ የግርጌውን የእጅ ጉድጓድ ይሞላ፣ ከፊሉም ወደ ወንዙ ይመለስ ነበር። ግንባታው ሳይጀመር አንድ በጋ ሙሉ የጉድጓዶቹን ውሃ በየሳምንቱ በገመድ ለክታችሁ መዝግቡ፤ በኋላ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ይሆናል። የተረፈው ውሃ ለአዲስ መሬት ይሁን ወይስ በቦዩ ጫፍ ላሉት የሚለውንም በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የተቋቋመው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ውሃው ሳይለቀቅ ይወስን። መጀመሪያ ዘርቶ በኋላ መከራከር ሁልጊዜ የራስጌውን ይጠቅማል።

በመራዊ አጠገብ እንዳለው፣ 7,000 ሔክታር ለማልማት እንደታቀደው የቆጋ መስኖ፣ ሌሊት የሚመጣውን ውሃ ለቀን የሚይዝ የሌሊት ማጠራቀሚያ ባለበት ቦታ ኩሬው ጠዋት ሞልቶ ከሰዓት በኋላ ይጎድላል፤ የጠዋቱ ተረኛና የማታው ተረኛ እኩል ሰዓት ቢሰጣቸውም እኩል ውሃ ላያገኙ ይችላሉ። በሁለቱም ጊዜ ለኩ። ደለል ከተጠረገ በኋላም ሎሚዋን እንደገና ልቀቋት።