በቨርጂኒያ ጠጥቶ በማሽከርከር የቀረበ የክስ ወረቀት እንዴት ይነበባል?

በቨርጂኒያ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸውን አሌክሳንድሪያንና ፌርፋክስን ጨምሮ፣ በተለምዶ «ዲዩአይ» የሚባለው ነገር በሕጉ ተለያይተው የተደነገጉ በርካታ ክሶችን ያጠቃልላል። ቅጣቱ የሚለካው በሕጉ አንቀጽ ስለሆነ በመጀመሪያ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይፈልጉ።

ቁጥሩ 18.2-266 ከሆነ ዋናው ክስ ነው። በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ ብቻውን በዚህ አንቀጽ ያስከስሳል፤ ልኬት ባይኖርም እንኳ ዐቃቤ ሕጉ አሽከርካሪው በመጠጥ ተጽዕኖ ሥር እንደነበረ በሌላ ማስረጃ ሊያስረዳ ይችላል። የማሽከርከር ችሎታን የሚያዳክም ዕፅ ወይም መድኃኒትም በዚሁ አንቀጽ ይሸፈናል፤ «ሐኪም ያዘዘልኝ ነው» ማለትም ብቻውን ከክሱ አያድንም። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ግን 18.2-266.1 የተባለ የተለየ አንቀጽ አለ፤ እዚያ 0.02 ይበቃል። የንግድ ተሽከርካሪ የሚነዳ ደግሞ ከ0.04 ጀምሮ ሊከሰስ ይችላል።

ቀጥሎ የልኬቱን መጠንና የቀድሞ ጥፋቶችን ይመልከቱ። የመጀመሪያው ጥፋት እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር የሚያስቀጣ ቀላል ወንጀል ሲሆን፣ መቀጮው ከ250 ዶላር አያንስም። ልኬቱ ከ0.15 እስከ 0.20 ከሆነ ዳኛው ሊያስቀረው የማይችል የ5 ቀን እስራት ይከተላል፤ ከ0.20 ካለፈ 10 ቀን ይሆናል። በ10 ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ከባድ ወንጀል ይሸጋገራል፤ እስራቱም ቢያንስ 90 ቀን ነው።

ብዙዎችን የሚያደናግረው 18.2-268.3 ነው። መንገድ ዳር፣ ከመያዝ በፊት የሚደረገውን የትንፋሽ ምርመራ አለመቀበል ይቻላል። ከተያዙ በኋላ የሚጠየቀውን ምርመራ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት ግን ራሱን የቻለ ክስ ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ እንደ ወንጀል ባይቆጠርም መንጃ ፈቃድን ለአንድ ዓመት ያሳግዳል። ስለዚህ በዋናው ክስ ነጻ የወጣ ሰው እንኳ በእምቢታው ምክንያት መኪና መንዳት ሊከለከል ይችላል።

ከባድ የአካል ጉዳት ከደረሰ 18.2-51.4፣ ሰው ከሞተ ደግሞ 18.2-36.1 ይጠቀሳል፤ ሁለቱም ከባድ ወንጀሎች ናቸው።

በመጨረሻ፣ እንግሊዝኛ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ እንዲመድብልዎ ይጠይቁ። ዜግነት ከሌለዎት ደግሞ ጥፋተኛ ነኝ ከማለትዎ በፊት ጉዳዩ በመኖሪያ ፈቃድዎ ላይ የሚያስከትለውን ጣጣ ጠበቃዎ እንዲያስረዳዎ ያድርጉ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በሰጠው ውሳኔ መሠረት የወንጀል ጠበቃ ከአገር የመባረር ስጋት ስለመኖሩ ደንበኛውን የማማከር ግዴታ አለበት።